አባቱ ያስጀመሩትን የባቡር ጨዋታ ዕድሜ ልኩን ያልተወው ቄስ፦ የ‹‹ቶማስ›› ፈጣሪ ታሪክ

ሰማያዊ ቀለም ያለው ትንሽ ባቡር ነው። ፊት አለው፣ ይስቃል፣ ይናደዳል፣ አንዳንዴም ይኮራል። በልጆች ቲሸርት ላይ፣ በትምህርት ቤት ቦርሳ ላይ፣ በልደት ኬክ ላይ ሳታዩት አልቀራችሁም። ቤታችሁ ትንሽ ልጅ ካለ ደግሞ ስልካችሁን ቀምቶ ዩቲዩብ ላይ ደጋግሞ ሲያየው ታዝባችኋል። ስሙ ቶማስ ነው።

ብዙ ሰው ቶማስን አንድ ትልቅ የካርቱን ድርጅት የፈጠረው ይመስለዋል። ግን አይደለም። የፈጠሩት አንድ እንግሊዛዊ የደብር ቄስ ናቸው፤ ዊልበርት ኦድሪ ይባላሉ። ሰውዬው ካረፉ 30 ዓመት ሊሞላ ነው። የሕይወት ታሪካቸውን ስናገላብጥ የገረመን ግን ዝናቸው አይደለም። መጽሐፉ፣ ፊልሙና ገንዘቡ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ልጁን ይዞ ባቡር የሚያይ አንድ አባት መኖሩ ነው። ዛሬ ይህንን ታሪክ ይዘንላችሁ ቀርበናል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መልካም ንባብ!

በግቢው ውስጥ የተዘረጋ ሐዲድ

ዊልበርት የተወለደው ሰኔ 15 ቀን 1911 በደቡብ እንግሊዝ ሃምፕሸር ውስጥ በምትገኝ አምፕፊልድ በተባለች የገጠር መንደር ነው። አባቱ ቬር ኦድሪ የዚያች መንደር ደብር አስተዳዳሪ ነበሩ። ሰውዬው ከመቅደሱ ቀጥሎ የሚወዱት ነገር ቢኖር ባቡር ነው። ትንሹን ልጃቸውን ይዘው ወደ ሐዲዱ ይወርዱና ከባቡር ሠራተኞቹ ጋር ቆመው ያወሩ ነበር። ሠራተኞቹም ለምደዋቸው የባቡረኞች ቄስ የሚል ስም አወጡላቸው።

ማየት ብቻ ግን አልበቃቸውም። በቤታቸው ግቢ ውስጥ በገዛ እጃቸው የሞዴል ባቡር መስመር ዘረጉ። ርዝመቱ 40 ያርድ ማለትም 36 ሜትር ገደማ ነበር። ለአሻንጉሊት ባቡር 36 ሜትር ምን ያህል እንደሆነ ገምቱ እንግዲህ! ዊልበርት ገና ድክ ድክ በሚልበት ዕድሜ ይህንን መስመር ሲሠራ እያየ ነው ያደገው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ ዘመን አብዛኛው አባት ከልጁ ጋር የማይጫወትበት ዘመን ነው። የደብር አስተዳዳሪ ደግሞ የተከበረ ሰው ነው። እኚህ ሰው ግን ጨዋታውን እንደ ቁም ነገር ያዙት። ሐዲዱ በደንብ ካልተዘረጋ ባቡሩ ይወድቃል፤ ስለዚህ በደንብ መዘርጋት አለበት። ልጁ ከአባቱ የወረሰው ባቡር መውደድን ብቻ አይደለም፤ ጨዋታም ቢሆን በሥርዓት መሠራት እንዳለበት ጭምር ነው።

ቤተሰቡ ግን ሐዘንም ነበረበት። አንደኛው የዓለም ጦርነት በፈነዳ በመጀመሪያው ወር፣ ነሐሴ 1914፣ የዊልበርት የአባቱ ልጅ የሆነው ታላቅ ወንድሙ ካሮል ፈረንሳይ ውስጥ በውጊያ ተገደለ። ዊልበርት ያኔ ገና የ3 ዓመት ልጅ ነበር። በ1917 ቤተሰቡ አምፕፊልድን ለቆ ሄደ። አዲሱ ሰፈራቸው ነው እንግዲህ የዚህን ልጅ ሕይወት የወሰነው።

በሌሊት የሚያወሩ ባቡሮች

አዲሱ መኖሪያቸው በዊልትሸር የምትገኝ ቦክስ የተባለች ቦታ ናት። እዚያ በ1841 የተከፈተ፣ 3 ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዝነኛ የባቡር ዋሻ አለ። የኦድሪዎች ቤት ከዋሻው ምዕራባዊ አፍ 180 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር የሚርቀው። በአጭሩ ባቡሩ የሚያልፈው በጓሯቸው ነው ማለት ይቻላል።

መስመሩ እዚያ ጋ ዳገት ነው። በየ100 ሜትሩ 1 ሜትር ይወጣል። ለመኪና ይህ ዳገት አይባልም። ለባቡር ግን ከባድ ነው፤ ምክንያቱም የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ይንሸራተታል። በዚያ ላይ ኋላው በጭነት ፉርጎ ተሞልቷል። ስለዚህ ከባድ የጭነት ባቡር ሲመጣ ከኋላ ሆኖ የሚገፋ ሌላ ባቡር ዳገቱ ሥር ይጠብቅ ነበር። የፊቱና የኋላው ባቡር የሚግባቡት በፊሽካ ነው። የፊቱ ይነፋል፣ የኋላው ይመልሳል፣ ከዚያ አብረው መግፋት ይጀምራሉ።

እነዚህ ባቡሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፉት በሌሊት ነው። ዊልበርት አልጋው ውስጥ ሆኖ ያዳምጣል። የፊቱ ባቡር ሲያቃስት፣ ጎማው ሲንሸራተት፣ ከኋላ ያለው ሲገፋ ይሰማል። ለልጁ ይህ የብረት ድምፅ አልነበረም፤ ንግግር ነበር። የፊቱ አልቻልኩም እያለ የሚያማርር፣ የኋላው ደግሞ አይዞህ ትችላለህ እያለ የሚያበረታታ ይመስለው ነበር። እያንዳንዱ ባቡር የራሱ ጠባይ እንዳለው አመነ።

ይህን ዳገት አትርሱት። ወደፊት ይመለሳል።

ጦርነትን እምቢ ያለው ካህን

ዊልበርት ኦክስፎርድ ተምሮ በ1932 ተመረቀ፤ በማግስቱ ዓመት ደግሞ የነገረ መለኮት ዲፕሎማ ያዘ። ከ1933 እስከ 1936 ድረስ ኢየሩሳሌም በሚገኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት አስተማረ። ወደ አገሩ ተመልሶ በ1936 ዲያቆን፣ በ1937 ቄስ ሆነ። ቅስና ተቀብሏልና ከዚህ በኋላ እኛም አንቱ እንላቸዋለን። በ1938 ማርጋሬት ዌልን አገቡ።

ወዲያው ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ቄስ ኦድሪ ክርስቲያን ሰው ሊገድል አይገባም የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። አገር በሙሉ ለጦርነት በተነሳበት ሰዓት ይህንን መናገር ቀላል አልነበረም። በአቋማቸው የተነሳ ከሚያገለግሉበት ደብር ለቀው መውጣት ግድ ሆነባቸው። ሥራ የለም፣ ትዳር አለ፣ ልጅ ደግሞ እየመጣ ነው።

በመጨረሻ እጁን የዘረጋላቸው እንደሳቸው ጦርነትን የሚቃወሙት የበርሚንግሃም ጳጳስ ኧርነስት ባርንስ ናቸው። በ1940 በርሚንግሃም ውስጥ ኪንግስ ኖርተን በሚባል ቦታ ምክትል ቄስ ሆነው ተቀጠሩ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ልጃቸው ክሪስቶፈር ተወለደ። በርሚንግሃም የፋብሪካ ከተማ ስለነበረች የጀርመን አውሮፕላኖች ክፉኛ ይደበድቧት ነበር። ቦምብ በሚዘንብበት ከተማ፣ በትንሽ ደሞዝ፣ በብዙዎች ዘንድ በጥርጣሬ እየታዩ ኖሩ ማለት ነው።

የኩፍኝ ተረት

በጦርነቱ መሀል ትንሹ ክሪስቶፈር ኩፍኝ ያዘው። በዚያ ዘመን ኩፍኝ የያዘውን ልጅ ዓይኑን ብርሃን እንዳይጎዳው ብለው ጨለማ ክፍል ውስጥ ያስተኙት ነበር። ሕፃን ልጅ ጨለማ ውስጥ ታስሮ ሲውል ምን እንደሚሆን ወላጅ ያውቀዋል። አባትየው አጠገቡ ቁጭ አሉና ተረት ማውራት ጀመሩ፤ ስለ ባቡር።

ኤድዋርድ የሚባል ትንሽ ባቡር አለ። ትልልቆቹ ስለሚንቁት ቅር ብሎታል። ጎርደን የሚባል ትልቅና ኩሩ ባቡር ደግሞ የጭነት ፉርጎ ጎትት ሲባል ተኮሳትሮ ይሄድና ዳገት ላይ ተቸክሎ ይቀራል። ታዲያ ከኋላ መጥቶ ገፍቶ የሚያወጣው ማን ነው? ያው የተናቀው ኤድዋርድ! አያችሁ? የቦክስ ዳገት ነው። ቄሱ በልጅነታቸው አልጋ ውስጥ ሆነው የሰሙትን ሌሊት፣ አልጋ ላይ ለተኛው ለገዛ ልጃቸው መልሰው ሰጡት።

ልጁ ተረቱን ደጋግሞ አስነገራቸው። ችግሩ አባትየው አንዷን ነገር ለወጥ አድርገው ሲያወሩ ልጁ አይደለም ብሎ ያርማቸዋል። በቃ፣ እንዳይሳሳቱ ብለው በወረቀት ላይ ጻፉት። ወረቀት በጦርነቱ ምክንያት ውድ ስለነበር የጻፉት አሮጌ የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያ ጀርባ ላይ ነው።

ማርጋሬት ባይኖሩ ታሪኩ እዚህ ጋ ያበቃ ነበር። ቄሱ ነገሩን እንደ ቤተሰብ ጨዋታ ብቻ ነው የያዙት። ይታተም ብለው የወተወቱት ሚስታቸው ናቸው። በመጨረሻ በሌስተር ከተማ የነበረ ኤድመንድ ዋርድ የተባለ አሳታሚ ተቀበላቸው። ‹‹ሦስቱ ባቡሮች›› ልንለው የምንችለው የመጀመሪያው መጽሐፍ በግንቦት 1945 ወጣ። ልክ አውሮፓ ውስጥ ጦርነቱ ባበቃበት ሳምንት!

ቶማስ ከመጥረጊያ እንጨት ተወለደ

ልብ በሉ፣ እስካሁን ቶማስ የለም። የመጣው በሌላ መንገድ ነው።

በጦርነት ጊዜ አሻንጉሊት መግዛት ዘበት ነበር። ቄስ ኦድሪ ታዲያ ከመጥረጊያ እንጨትና ከቁርጥራጭ ጣውላ ኤድዋርድን ከነፉርጎዎቹ ሠሩለት። ክሪስቶፈር ደስ ብሎት ቀጠለ፤ አሁን ደግሞ ጎርደንን ፈለገ። ጎርደን ትልቅ ስለሆነ በቤት ባለው ቁርጥራጭ መሥራት አስቸገረ። በምትኩ ትንሽ ባለ 6 ጎማ ባቡር ሠርተው ሰማያዊ ቀቡለት። ውሃውንም የድንጋይ ከሰሉንም በራሱ ላይ የሚሸከም፣ ጣቢያ ውስጥ ፉርጎ የሚያመላልስ ዓይነት ባቡር ነው። ስሙ ቶማስ ተባለ።

ልጅ አሻንጉሊት ሲያገኝ ታሪክ ይፈልግለታል። የቶማስን ታሪክ ንገረኝ ማለት ጀመረ። በዚህ የተነሳ ሁለተኛው መጽሐፍ በ1946 ስለ ቶማስ ሆነ። በሌላ አነጋገር ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚሸጠው አሻንጉሊት ከመጽሐፉ የመጣ ይመስለናል እንጂ የተገላቢጦሽ ነው። መጽሐፉ ነው ከአሻንጉሊቱ የመጣው። አሻንጉሊቱን የሠራውም ፋብሪካ አይደለም፤ ደሞዙ የማይበቃው አባት ነው።

ቀን ደብር፣ ማታ ሐዲድ

ቄስ ኦድሪ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ማለት ይቻላል አንድ መጽሐፍ አወጡ፤ እስከ 1972 ድረስ 26 ደረሰ። ሥራቸውን ግን አልተዉም። ከ1946 እስከ 1953 በካምብሪጅ አካባቢ ኤልስዎርዝ፣ ከዚያ እስከ 1965 በኖርፎክ ኤምኔዝ የደብር አስተዳዳሪ ነበሩ። ያጠምቃሉ፣ ያጋባሉ፣ ይቀብራሉ። ትርፍ ጊዜ ሲያገኙ ደግሞ ወደ ሞዴል ባቡራቸው ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ያልለመዳችሁት ካላችሁ እናስረዳ። የሞዴል ባቡር ማለት ሐዲድ ከብቦ የሚዞር አሻንጉሊት ብቻ አይደለም። እውነተኛውን መስመር በትንሹ መሥራት ነው፤ ጣቢያው፣ ድልድዩ፣ መቆሚያ ምልክቱ፣ ሐዲድ መቀየሪያው ሁሉ በልኩ። ቄሱ የሚሠሩበት መጠን የእውነተኛው 1/76ኛ ሲሆን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ መጠን በ1950ዎቹ ‹‹ፋርኳር›› የሚባለውን ጣቢያ ሠሩ። ፋርኳር በመጽሐፋቸው ውስጥ የቶማስ መስመር የሚያበቃበት ቦታ ነው። መስመሩ ተነቃቅሎ በመኪና የሚጫን ነበር፤ በየከተማው በሚደረግ የሞዴል ባቡር ኤግዚቢሽን ላይ እየዘረጉ ያሳዩ ነበር። ልጆች ቶማስን በዓይናቸው ሐዲድ ላይ ሲሮጥ ያዩት መጀመሪያ በቴሌቪዥን አይደለም፤ ቄሱ ራሳቸው ሲነዱት ነው።

ይህ ጨዋታ ለጽሑፋቸው መመርመሪያ ሆነላቸው። አንድ ሕግ ነበራቸው፦ ባቡሮቹ ይናገራሉ እንጂ የሚያደርጉት ነገር ሁሉ እውነተኛ ባቡር ላይ ሊደርስ የሚችል መሆን አለበት። በ1951 ከቤተሰባቸው ጋር ግሬት ያርመዝ ወደሚባል የባሕር ዳርቻ ለዕረፍት ሄደው ዙሪያውን በጣውላ የተሸፈነ፣ ሳጥን የመሰለ ባቡር አዩ። በቀጣዩ ዓመት ‹‹ቶቢ›› ሆኖ መጽሐፍ ላይ ወጣ።

ከሠዓሊዎቻቸው ጋር የማይስማሙትም በዚሁ ነበር። የመጀመሪያዎቹን መጻሕፍት በአብዛኛው የሣሉት ሬጂናልድ ዳልቢ ይባላሉ። ሥዕሎቻቸው ያምራሉ፤ ግን ሄንሪ የተባለውን ባቡርና ጎርደንን በጣም አመሳሰሏቸው። ልጆች ተምታታባቸው። ቄሱ ምን አደረጉ? በ1951 መጽሐፍ ውስጥ ሄንሪን ዓሣ ጭኖ ሲሄድ አጋጩትና ፋብሪካ ገብቶ በአዲስ ቅርጽ ተጠግኖ እንዲወጣ አደረጉ! ሌላ ጊዜ ደግሞ ዳልቢ የሣሉትን ፐርሲ የተባለ አረንጓዴ ባቡር አይተው ቀይ መስመር ያለበት አባጨጓሬ መሰለ አሉ። ሠዓሊው ተቀይመው በ1956 ሥራውን ተዉት።

በቀጥታ ስርጭት የወደቀው ባቡር

በ1953 ቢቢሲ የሄንሪን ታሪክ በሞዴል ባቡር ሠርቶ በቴሌቪዥን ሊያሳይ ወሰነ። ሰኔ 14 ቀን በቀጥታ ስርጭት ተላለፈ። ያኔ ቀድቶ ማስተካከል የሚባል ነገር የለም፤ የሆነው ሁሉ ወዲያው ይታያል።

ሐዲድ መቀየሪያው በትክክል አልዞረም ነበር። ባቡሩ መጣ፣ ከሐዲዱ ወጣ፣ ወደቀ። ከዚያ አገር በሙሉ እያየ አንድ የሰው እጅ ብቅ አለና ባቡሩን አንስቶ ሐዲዱ ላይ መለሰው። ጋዜጦች ሳቁበት። ቄስ ኦድሪ ግን አልሳቁም፤ ተናደዱ። ለሳቸው ይህ ቀልድ አይደለም። ሐዲድ መቀየሪያን ሳያረጋግጡ ባቡር መልቀቅ በሞዴሉም በእውነተኛውም ያው አንድ ጥፋት ነው። ዕቅዱም ብዙ ሳይቆይ ተሰረዘ።

ከዚያ በኋላ ቶማስ የራሱ ተከታታይ ፊልም እስኪኖረው ከ30 ዓመት በላይ አለፈ።

ካርታ ላይ የሌለችው ደሴት

አንባቢ ልጆች ደብዳቤ እየጻፉ ያስቸግሯቸው ጀመር። ይህ መስመር የት ነው? ከዚህ ጣቢያ እዚያ ድረስ ስንት ነው? አንዱ መጽሐፍ ላይ ያለው ከሌላው ጋር ለምን አይገጥምም? ቄሱ ለልጅ ጥያቄ ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም።

በ1950 ወደ ማን ደሴት ሄዱ። እዚያ ያለው ጳጳስ የማዕረግ ስም ‹‹የሶዶርና የማን ጳጳስ›› ይባላል። ማን የምትባል ደሴት አለች፤ ሶዶር የምትባል ደሴት ግን የለችም። ቄስ ኦድሪ የሌለችውን ደሴት ወሰዷት! በማን ደሴትና በእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ መካከል አስቀመጧትና ባቡሮቻቸውን አሰፈሩባት።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ከሆኑት ከወንድማቸው ከጆርጅ ጋር ሆነው ደግሞ ደሴቷን መሙላት ያዙ። ተራራውን፣ ወንዙን፣ የማዕድን ማውጫውን፣ የነገሥታቱን ታሪክ፣ ሌላው ቀርቶ የድሮ ቋንቋዋን ሳይቀር ፈጠሩ። አብዛኛው ተረቶቹ ውስጥ አይገባም። ሁለት ጎልማሳ ወንድማማቾች፣ የአንድ ባቡር ወዳድ አባት ልጆች፣ ለዓመታት ቁጭ ብለው የሌለች አገር ሲገነቡ ኖሩ። በ1987 ይህንኑ በመጽሐፍ አሳተሙት።

ሻይ ሻጯን ትቶ የሄደው ባቡር

ቄስ ኦድሪ በሞዴል ብቻ አልተወሰኑም። ዌልስ ውስጥ ታሊሊን የሚባል፣ በ1865 የተከፈተ የጠባብ ሐዲድ መስመር አለ። ሊዘጋ ሲል ባቡር ወዳጆች ተሰባስበው በ1951 በበጎ ፈቃድ ማንቀሳቀስ ጀመሩ። በዓለም ላይ በበጎ ፈቃደኞች የዳነ የመጀመሪያው የባቡር መስመር ይኸው ነው። ቄሱ ሰምተው ዝም አላሉም፤ በ1952 ሄደው በጋርድነት አገለገሉ። ጋርድ ማለት ኋላ ፉርጎ ላይ ሆኖ ተሳፋሪ መግባቱን አረጋግጦ ባቡሩን በፊሽካ የሚያስነሳ ሠራተኛ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ጋርዱ ቄስ ኦድሪ ፊሽካቸውን ነፉ፤ ባቡሩ ተነሳ። ለካ ሻይና ቁርስ የምትሸጠዋ ሴት ገና አልተሳፈረችም! ጣቢያው ላይ ቀረች። ሌላ ሰው ቢሆን ይህንን ይደብቃል። እሳቸው ግን በ1955 መጽሐፍ አደረጉት፤ በታሪኩ ውስጥ ፒተር ሳም የሚባል ባቡር ሻይ ሻጯን ትቶ ይሄዳል።

የእንፋሎት ባቡር ሲሞት

በዚያው ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የእንፋሎት ባቡር እየሞተ ነበር። በ1963 የወጣው የዶክተር ቢቺንግ ሪፖርት ከ2 ሺህ በላይ ጣቢያዎች እንዲዘጉ ሐሳብ አቀረበ። የእንፋሎት ባቡሮቹ በናፍጣ ባቡር እየተተኩ በየቆሻሻ ብረት ግቢው ተቆራረጡ። ነሐሴ 1968 ላይ በዋናው የእንግሊዝ መስመር የእንፋሎት አገልግሎት አበቃ።

ቄስ ኦድሪ ሰልፍ አልወጡም። ጻፉ። በ1963 በበጎ ፈቃደኞች ስለዳነ ስቴፕኒ ስለሚባል እውነተኛ ባቡር መጽሐፍ አወጡ። የእንፋሎት ዘመን ባበቃበት በ1968 ደግሞ ኦሊቨር የሚባል ባቡር ከመቆራረጥ አምልጦ ወደ ሶዶር ሲሸሽ የሚያሳይ ታሪክ ጻፉ። ያች የሌለች ደሴት የስደተኛ ባቡሮች መጠለያ ሆነች። በሶዶር ባቡር ያጠፋል፣ ይቀጣል፣ ይታሰራል፤ ግን አይጣልም፤ ተመክሮ ወደ ሥራው ይመለሳል። ቄስነታቸው የታየው እዚህ ላይ ነው። በመጻሕፍቱ ውስጥ ስብከት የለም፤ ግን ከጥፋት በኋላ ይቅርታ መኖሩን በየገጹ ታገኙታላችሁ።

ልጅ አድጎ ከቤት ሲወጣ

በ1979 ብሪት ኦልክሮፍት የምትባል የቴሌቪዥን ባለሙያ ስለ እንፋሎት ባቡር ፊልም ስትሠራ ከቄሱ ጋር ተገናኘች። መጻሕፍቱን አንብባ ወደደቻቸው። ቤቷን በብድር አስይዛ ሳይቀር ፊልሙን ለመሥራት ተነሳች። ጥቅምት 9 ቀን 1984 የመጀመሪያው ክፍል ተላለፈ፤ ተራኪው የቢትልስ ባንድ ከበሮ መቺ የነበረው ሪንጎ ስታር ነው። ፊልሙ የተሠራው በካርቱን አልነበረም፤ በእውነተኛ ሞዴል ባቡር ነው። ቶማስ በዓለም ዙሪያ የታወቀው ከዚህ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ላይ ፊልሙ የሳቸውን መጻሕፍት ይከተል ነበር። በኋላ ግን አዳዲስ ታሪክ በሌሎች ሰዎች መጻፍ ጀመረ። ቄሱ ተቆጡ። አንዱ ታሪክ ላይ ሄንሪ ዋናው መስመር ላይ ቆሞ ጫካ ያያል። ለተመልካች ምንም አይደለም። ለሳቸው ግን ይህ ነፍስ የሚያጠፋ ስሕተት ነው፤ መስመር ላይ የቆመን ባቡር ከኋላ የሚመጣው ይገጨዋል። እንግሊዝ ውስጥ ባቡር መስመር ላይ ሲቆም ሠራተኛው ወርዶ መስመሩን ለሚቆጣጠረው ሰው እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ደንብ ነበር። ቄሱ ይህንን ደንብ ጠቅሰው ተከራከሩ።

ሽማግሌው ያከራሉ ያሉ አልጠፉም። እኛ ግን ነገሩ የሚገባን እንዲህ ነው። ልጆችን አክብሮ የሚጽፍ ሰው ለልጅ ነው ብሎ ውሸት አይጽፍም። የቦክስ ዳገት ሥር ያደገ ሰው ባቡር ጨዋታም፣ አደጋም መሆኑን ያውቃል። ችግሩ የገዛ ሥራህን አንዴ ለዓለም ከሰጠኸው በኋላ እንደ ትልቅ ልጅ ከቤት ይወጣል፤ የሚሄድበትን አትወስንም። ቄስ ኦድሪ የመጨረሻ ዓመቶቻቸውን ከዚህ ሐቅ ጋር ሲታገሉ አሳለፉ።

የመጨረሻው ጣቢያ

በ1965 ከደብር አስተዳዳሪነት ሲወጡ ስትራውድ ከተማ አጠገብ ሮድቦሮ በምትባል ቦታ ተቀመጡ። ባለቤታቸው ማርጋሬት በ1989 አረፉ። በ1996 የእንግሊዝ መንግሥት የክብር ኒሻን ሰጣቸው፤ ጤናቸው ስለታወከ ለንደን ሄደው መቀበል አልቻሉም። መጋቢት 21 ቀን 1997 በ85 ዓመታቸው አረፉ። የሚጽፉበት ክፍል ከነዕቃው ዛሬ ዌልስ ውስጥ በቲዊን ከተማ፣ ያ ሻይ ሻጯን ትተው የሄዱበት የታሊሊን መስመር በሚነሳበት ጣቢያ ባለው ሙዚየም ለጎብኚ ይታያል።

ያ ኩፍኝ ይዞት ጨለማ ክፍል ውስጥ የተኛው ልጅስ? ክሪስቶፈር ኦድሪ አድጎ የራሱን ልጅ ወለደ። እሱም እንደ አባቱ ለልጁ የባቡር ታሪክ ማውራት ጀመረ፤ ከ1983 ጀምሮም ተከታታይ መጽሐፉን ቀጠለ። በ2011 የመጨረሻው ሲወጣ የአባትና የልጅ መጻሕፍት አንድ ላይ 42 ሆነው ነበር።

እስቲ ወደ ኋላ ቁጠሩት። ክሪስቶፈር ለልጁ፣ ዊልበርት ለክሪስቶፈር፣ ቬር ለዊልበርት። አራት ትውልድ ነው። የሁሉም መነሻ ደግሞ በአንድ የገጠር ደብር ግቢ ውስጥ የተዘረጋ 36 ሜትር ሐዲድ ነው። ቬር ኦድሪ ልጄ ዝነኛ ይሁን ብለው አልነበረም የዘረጉት። ከልጃቸው ጋር የሚወዱትን ነገር ለመሥራት ነበር።

ውድ ተከታታዮቻችን፣ ቤታችሁ ያለ ሕፃን ነገ ቶማስን ለማየት ስልካችሁን ሲቀማችሁ ይህንን ታሪክ አስታውሱ። ባይሆን ከጎኑ ቁጭ በሉና አብራችሁ እዩ፤ ከቻላችሁ ደግሞ ከመጥረጊያ እንጨትም ቢሆን አንድ ነገር ሥሩለት። ታሪኩን ከወደዳችሁት ልጅ ለሚያሳድግ ጓደኛችሁ አጋሩት። በሌላ ታሪክ እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ!